«ማላይካ»፦ ስም ነው ወይስ ጥሪ?

ከምሥራቅ አፍሪካ ተነሥተው ባሕር ከተሻገሩ ዘፈኖች መካከል የ«ማላይካ»ን ያህል ርቆ የተጓዘ ብዙ አይገኝም። ስዋሂሊ ከሚነገርበት አገር ወጥቶ በአሜሪካ መድረክ ተሰምቷል፤ በስዊድን በሸክላ ተቀርጿል፤ በጀርመን አገር ለጭፈራ በሚመች ምት ተቀነባብሯል። ከስዋሂሊ አንዲት ቃል የማያውቅ ሰው እንኳ ዜማው ሲጀመር የመጀመሪያዋን ቃል አብሮ ይላታል።

ነገር ግን «ማላይካ ማለት ምን ማለት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «የሴት ልጅ ስም ነው» ይባላል። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ለምናስተምራቸው እጩ መምህራን ዘፈኑን አሰምተን ይህንኑ ጥያቄ ባቀረብን ጊዜም ያገኘነው መልስ ከዚህ አልራቀም። መልሱ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ማላይካ የሚባሉ ሰዎች አሉና። ይሁን እንጂ በዘፈኑ ውስጥ ቃሉ ስም አይደለም። ድሀ ወጣት የሚወዳትን ልጅ የሚጠራበት የቁልምጫ ቃል ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው፣ ቃሉን እንደ ስም የሰማ አድማጭ ጠሪውን ይረሳል፤ ጠሪውን የረሳም የዘፈኑን አቤቱታ ሳይሰማ ይቀራል የሚለውን ሐሳብ ነው። (ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የቃሉ ሥር

ቃሉን ከሥሩ ብንመረምረው ለእኛ እንግዳ አይደለም። በግእዝ «ለአከ» ማለት ላከ ማለት ሲሆን፣ ከዚሁ ሥር «መልአክ»፣ «መልእክት»፣ «ልኡክ» ይወጣሉ። መልአክ እንግዲህ በመሠረተ ቃሉ የተላከ፣ መልእክተኛ ማለት ነው። በዐረብኛ ነጠላው «መለክ» ሲሆን ብዙው «መላኢካ» ነው፤ የዐረብኛው ቃል ከግእዝ የተወሰደ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የቋንቋ ሊቃውንትም አሉ። ስዋሂሊ የባንቱ ቋንቋ ቢሆንም በባሕር ንግድና በእስልምና ሃይማኖት አማካይነት ከዐረብኛ ብዙ ቃላት ወርሷል። ይህን ቃል ሲወርስ የወሰደው ብዙውን ቁጥር ነው፤ ለነጠላም ለብዙም አዋለው። ስለዚህ ስዋሂሊ ተናጋሪ «ማላይካ» ሲል አንድ መልአክም ብዙ መላእክትም ሊሆን ይችላል።

ቃሉ በስዋሂሊ ከሃይማኖት አጥር ወጥቶ ቤት ገብቷል። ሕፃን ልጅ ማላይካ ይባላል፤ የሚወደድ ሰውም እንዲሁ። በእኛ ዘንድ ግን ሌላ መንገድ ነው የያዘው። መልአክ በግእዝ አለቃ ማለትም ስለሆነ «መልአከ ሰላም»፣ «መልአከ ብርሃን» እየተባለ የቤተ ክህነት ማዕረግ ሆነ፤ «መላኩ» እየተባለም ለወንድ ልጅ ወጣ። አንዱ ሥር በአንድ አገር ማዕረግ፣ በሌላ አገር ቁልምጫ ሆኖ በቀለ።

ከዚህ ላይ አንድ የሰዋስው ልዩነት ሊጤን ይገባዋል። በአማርኛ ስናቆላምጥ አብዛኛውን ጊዜ የባለቤትነት ምልክት እንጨምራለን። ወዳጁን «ዓይን» ብሎ የሚጠራ የለም፤ «ዓይኔ» ይላል። «ሆዴ»፣ «አንጀቴ»፣ «ዓለሜ»፣ «የኔ ማር» እንላለን። ከቃሉ መጨረሻ ያለችው ድምፅ ወይም ከፊቱ ያለችው «የኔ» ጠሪውንና ተጠሪውን የምታስር ገመድ ናት። አማርኛ ተናጋሪ የወደዳትን ልጅ «መልአክ!» ብሎ ቢጠራት ለጆሮ ይጎረብጣል፤ «መልአኬ» ወይም «የኔ መልአክ» ማለት ይኖርበታል። ስዋሂሊም «የኔ» የሚልበት ቃል አለው፤ በዘፈኑ ውስጥ ግን ጥሪው የቆመው ብቻውን ነው። ቃሉ ለውጭ አድማጭ የተጸውዖ ስም መስሎ እንዲሰማ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ እንደሆነ እናምናለን።

ቁልምጫ ስም መሆኑ በራሱ ነውር የለበትም። የኛው የክፍል መዝገብ ለዚህ ምስክር ነው። ተስፋዬ፣ ጸጋዬ፣ ፍቅሬ፣ ጌጤ የሚሉት ስሞች እያንዳንዳቸው ወላጅ ልጁን አቅፎ የተናገራቸው ቃላት ናቸው። መምህሩ ግን ጠዋት መዝገቡን ገልጦ «ተስፋዬ!» ሲል «የኔ ተስፋ» ማለቱ እንደሆነ ልብ አይለውም፤ «አቤት» የሚለው ተማሪም አይለውም። ስም በየዕለቱ የምንገለገልበት መሣሪያ ስለሆነ ከብዙ አገልግሎት በኋላ ትርጉሙ ይደበዝዛል። ይህ የቋንቋ ባሕርይ ነውና በክፍል መዝገብ ላይ ጉዳቱ ቀላል ነው። በኪነ ጥበብ ሥራ ላይ ግን ትርጉሙ ሲደበዝዝ ሥራው ራሱ ይደበዝዛል።

ዘፈኑ ምን ይላል?

ይዘቱን በአጭሩ እናስቀምጥ። ተናጋሪው ወጣት ነው። የሚወዳትን ልጅ መልአክ ብሎ ይጠራትና ፍቅሩን ይነግራታል፤ ወዲያው ግን ምን ማድረግ እንደሚችል ይጠይቃል። ሀብት ስለሌለው ተሸንፏል፤ ባይሸነፍ ኖሮ ባገባት ነበር። ቀጥሎ በሌላ የቁልምጫ ቃል፣ ትንሽ ወፍ ብሎ ይጠራታል፤ ዘወትር እንደሚያስባት ይገልጻል። ገንዘብ ነፍሱን እንደሚያውካትም ይናገራል። ከዚያ ያው ጥሪ ይመለሳል። በዚህ ሁሉ መካከል የልጅቱ አባት አይወቀስም፤ ሀብታም ተቀናቃኝ አይሰደብም፤ ልጅቱም መልስ አትሰጥም። የምንሰማው የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነው።

ጥሎሽና ማጫ የሚያውቅ የኛ አድማጭ ነገሩን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በስዋሂሊ ተናጋሪው ኅብረተሰብም ሙሽራው የሚያቀርበው «ማሃሪ» የሚባል የጋብቻ ሀብት አለ። ቃሉ በዘፈኑ ባይጠቀስም ወጣቱን ከልጅቱ የሚለየው ግድግዳ ሀብት መሆኑ በግልጽ ተነግሯል። እንግዲህ ይህ ዘፈን የፍቅር ዘፈን ነው ቢባል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ የድህነት ዘፈን ነው።

የቋንቋው አሠራር ይህን ያጠናክራል። በስዋሂሊ ማግባትን የሚገልጸው ግስ ለወንድ በአድራጊ መልክ፣ ለሴት በተደራጊ መልክ ይነገራል። አማርኛ «አገባ» እና «አገባች» ብሎ ሁለቱን እኩል ሲያስኬድ፣ በስዋሂሊ ወንዱ ያገባል፤ ሴቷ ትገባለች፣ ወይም በኛ አነጋገር ትዳራለች። በዘፈኑ ውስጥ ያለው ግስ የአድራጊው ነው። ስለዚህ ማንም ይዝፈነው ማን፣ ተናጋሪው ወንድ መሆኑ ከግሱ ይታወቃል። ሁለተኛም፣ በዚሁ ግስ ውስጥ «ንጌ» የምትባል ምዕላድ ገብታለች። ይህች ምዕላድ ሊሆን ሲገባው ያልሆነን ነገር ታመለክታለች፤ እኛ «ባገባሁሽ ነበር» ስንል «ነበር» የምትሠራውን ሥራ ትሠራለች። ዘፈኑ በሙሉ የተንጠለጠለው በዚህች አንዲት ምዕላድ ላይ ነው። ጋብቻው በነበር ቀርቷል።

አሁን ወደ ቅርፁ እንመለስ። የቁልምጫው ጥሪ ሁለት ቦታ ይመጣል፤ በመክፈቻው ላይና «ባገባሁሽ ነበር» ከተባለ በኋላ። መጀመሪያ ሲባል ውዳሴ ነው፤ ተጠሪዋን ከፍ ያደርጋታል። በኋላ ሲባል ግን ሊጨብጣት የማይችል ሰው ከሩቅ የሚልካት ቃል ነው። ያው ቃል በመካከሉ በተነገረው ነገር የተነሣ ተለውጦ ይመለሳል። መልአክ ማለትም ከፍ ብሎ ያለ፣ እጅ የማይደርስበት ነውና ቁልምጫው ራሱ መለየታቸውን አስቀድሞ ተናግሯል። ቃሉን እንደ ተራ ስም የወሰደ አድማጭ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲትን ልጅ ሲጠሯት ብቻ ይሰማል።

ዘፋኞቹ እንዴት አቀረቡት?

ዘፈኑን በመጀመሪያ በሸክላ ያስቀረጸው የኬንያው ተወላጅ ፋዲሊ ዊልያም ነው፤ ከ«ጃምቦ ቦይስ» ጓደኞቹ ጋር በ1960 ገደማ አስቀርጾ በኋላም በናይሮቢ ደግሞታል። በእሱ አቀራረብ ዋናው ነገር ቀላልነቱ ነው። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ አያለቅስም። ችግሩን ለጓደኛው እንደሚያጫውት ሰው ይናገራል። ገንዘብ ማጣት በዚያ አካባቢ ለሚኖር ወጣት የዕለት ተዕለት ጉዳይ ስለሆነ እንዲህ ባለ ተራ ድምፅ መነገሩ እውነተኛ ያደርገዋል።

ዘፈኑን ለዓለም ያደረሰችው ግን ሚርያም ማኬባ ናት። በ1932 በጆሃንስበርግ የተወለደችው ይህች ድምፃዊት ከአገሯ ከወጣች በኋላ በ1960 ፓስፖርቷ ተሰርዞ እንዳትመለስ ተከልክላለች። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲመሠረት ተጋብዛ ዘፍናለች። «ማላይካ»ን ከሃሪ ቤላፎንቴ ጋር ያስቀረጸችበት ሸክላ በ1965 ወጥቶ በማግስቱ ዓመት ግራሚ የተባለውን የአሜሪካ ሽልማት አግኝቷል። በሸክላው ላይ የዘፈኑ አርእስት በእንግሊዝኛ «የኔ መልአክ» ተብሎ የስዋሂሊው ቃል በቅንፍ ገብቷል። አዘጋጆቹ ስዋሂሊ የተወውን «የኔ» መጨመራቸው ጥሪውን ጥሪ አድርጎ ለማስረዳት የረዳ ይመስለናል።

የማኬባ አፍ መፍቻ ቋንቋ ስዋሂሊ አልነበረም፤ ያደገችው በደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ነው። ሆኖም የወንዱን ግስ በሴት አልለወጠችም። «ባገባሁሽ ነበር» የሚለውን እንዳለ ዘፈነችው። ስለዚህ እሷ ተጠሪዋ ልጅ አይደለችም፤ ድምፅዋን ለዚያ ምንም ለሌለው ወጣት አበድራዋለች። በዚህም ዘፈኑ ሰፋ። የሚወዱትን ነገር ማግኘት አለመቻል የአንድ ወጣት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ አገሯን የተከለከለች ሴት ጉዳይም ሊሆን ቻለ። እኛ ከሰማናቸው አቀራረቦች ሁሉ ይህን ከፍ አድርገን የምናየው ድምፅዋ ስለሚያምር ብቻ አይደለም፤ በቃሉ ውስጥ ያለውን ርቀት ስለጠበቀች ነው።

ከዚያ በኋላ ዘፈኑ የሁሉም ሆነ። በስዊድን «ሄፕ ስታርስ» የተባለው ቡድን በ1967፣ በጀርመን «ቦኒ ኤም» በ1981 አስቀረጹት። የቦኒ ኤም ሥራ በቅንብር በኩል የተዋጣለት ነው፤ ምቱ ያልተዛነፈ፣ ኅብረ ድምፁም የጠራ ነው። ጉድለቱ ያለው ከዚያው ከኅብረ ድምፁ ላይ ነው። ምን ላድርግ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብቸኛ ሰው ነው፤ ጥያቄውን ብዙ ድምፆች ተባብረው በደስታ ሲሉት ጠያቂው ይጠፋል። የሚቀረው «ማላይካ» የምትል ጣፋጭ ቃል ብቻ ናት። ቁልምጫው ወደ ስም የተለወጠበትን ቦታ በጆሮ መስማት የሚፈልግ የፋዲሊን ሸክላና ይህን አከታትሎ ያዳምጥ። የቤኒኗ አንጀሊክ ኪጆ በ1991 ባወጣችው «ሎጎዞ» በተባለው አልበሟ ዘፈኑን ቀስ ባለ አቀራረብ ወደ ብቸኛው ድምፅ መልሳዋለች፤ ይህም ዘመናዊ መሣሪያ የዘፈኑን ትርጉም የግድ እንደማያጠፋ ያሳያል።

የዘፈኑ ባለቤት ማን ነው?

ጠሪውን መርሳት በአድማጭ ጆሮ ብቻ የተወሰነ አልሆነም። የዘፈኑ ደራሲ ማን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። በብዙ ሸክላዎች ላይ የሰፈረው የፋዲሊ ዊልያም ስም ነው። የታንዛንያው አዳም ሳሊም ደግሞ ዘፈኑን በ1945 የደረሰው እሱ እንደሆነ፣ ምክንያቱም የሚወዳት ልጅ ወላጆች ስለከለከሉት እንደነበር ተናግሯል። ሌሎችም ባለቤትነቱን ጠይቀዋል። ፋዲሊ በ2001 ሲያርፍም ክርክሩ አብሮት አልተቀበረም።

ከዚህ ላይ ማንን እንደግፋለን ለማለት አንነሣም። የምናስገነዝበው ነገር ግን አለ። ገንዘብ ስለማጣት የተደረሰ ዘፈን ከአህጉር አህጉር እየተሸጠ ሲሄድ፣ «ገንዘቡ የማን ነው?» የሚል ክርክር ተከተለው። ዘፈኑን የሚወድ ሕዝብ ቃሏን እንደ ስም ሲያውቃት የደራሲውን ስም ግን አያውቅም። ስም የሌላት ተጠሪ ስም ወጣላት፤ ስም የነበረው ጠሪ ስሙ ጠፋ ማለት ይቻላል።

ስም ከሆነ በኋላ

ቃሉ ከዘፈኑ ውጭም ይኖራል። በጀርመን ሃይደልበርግ በ1994 የተወለደችው ማላይካ ሚሃምቦ አባቷ የዛንዚባር ሰው ሲሆን፣ በቶኪዮ በ2021 በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር በርዝመት ዝላይ ወርቅ አግኝታለች። በሕንድ ማላይካ አሮራ በ1998 በወጣው «ዲል ሴ» በተባለው ፊልም ባሳየችው ውዝዋዜ ታዋቂ ሆናለች። በደቡብ አፍሪካም በ2000ዎቹ መጀመሪያ «ማላይካ» የተባለ የሙዚቃ ቡድን ነበር። እነዚህ ሁሉ ከዘፈኑ የወጡ ናቸው ማለታችን አይደለም፤ ቃሉ በዐረብኛ በኩል የደረሰበት አገር ብዙ ነውና። ማኬባ ራሷም «እማማ አፍሪካ» የሚል የቁልምጫ መጠሪያ ተሰጥቷት ነበር፤ ሕዝብ የሚወደውን ሰው በዘመድ ስም መጥራቱ የትም ያለ ነው።

ልጅን በቁልምጫ ቃል መሰየም ቃሉን አይገድለውም፤ እንዲያውም ወላጁ ትርጉሙን አውቆ ሲያወጣው ጥሪውን ያድሰዋል። የምንነቅፈው ስም ማውጣትን ሳይሆን የሌላውን ሰው ጥሪ ትርጉሙን ሳይጠይቁ እንደ ጌጥ ማንጠልጠልን ነው።

«ዜማ አስተርጓሚ አይሻም፤ ሳይገባን ብንወደው ምን ይጎዳል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። ዜማው ብቻውን ደስ ያሰኛል፤ ይህ አይካድም። በማያውቁት ቋንቋ የተዘፈነን ዘፈን መውደድም የአድማጭ መብት ነው። ነገር ግን ደስታው ከምን እንደመጣ ማወቅ ደስታውን አይቀንሰውም። ደግሞም የኛን ዘፈን ሌሎች እንዲህ ቢያደርጉት ምን እንደሚሰማን እናስብ። «ሆዴ» የሚለውን ጥሪያችንን የባዕድ አገር ዘፋኝ ወስዶ «ሆዴ የምትባል ቆንጆ ነበረች» ብሎ ለሕዝቡ ቢያስተዋውቅ እንስቃለን፤ ከሳቁ በኋላ ግን የሚከፋን ነገር መኖሩ አይቀርም። ሆድ በአማርኛ ምሥጢር የሚቀመጥበት፣ ሐዘን የሚከማችበት ቦታ መሆኑን አላወቀማ!

ለመምህራን

የቋንቋ መምህራን ይህን ዘፈን በአንድ የክፍል ጊዜ ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ እናምናለን። ተማሪው የውጭ ዘፈን በየዕለቱ ይሰማል፤ እንዴት እንደሚሰማ የሚያሳየው ግን ጥቂት ነው። ለውይይት የሚከተሉትን ጥያቄዎች እናቀርባለን፦

1. በአማርኛ አሥር የቁልምጫ ቃላት ጻፉ። ከእነዚህ ውስጥ ያለ «የኔ» ወይም ያለ ባለቤትነት ምልክት የሚነገሩት የትኞቹ ናቸው? ምልክቱ ቢወጣ ትርጉሙ እንዴት ይለወጣል?

2. በክፍላችሁ መዝገብ ውስጥ ቁልምጫ የነበሩ ስሞችን ፈልጉ። ጠሪው ማን ነበር? ምን ተስፋ አድርጎ ጠራ?

3. የምትወዱት አንድ የአማርኛ ዘፈን ውስጥ የቁልምጫው ጥሪ ስንት ጊዜ ይመጣል? በመጀመሪያውና በመጨረሻው ጊዜ ስሜቱ አንድ ነው? ካልሆነ በመካከሉ ምን ተባለ?

4. በዘፈኑ ውስጥ የሚናገረው ሰው ምን የለውም? የሌለውንስ ነገር በቀጥታ ይናገራል ወይስ በቁልምጫው ይሸፍነዋል?

አራተኛውን ጥያቄ ተማሪዎች እንደ ዋዛ እንዳያልፉት አደራ እንላለን። ቁልምጫ ብዙ ጊዜ ከማጣት ጋር አብሮ ይሄዳል። ጥሎሽ የሚያቀርበው ሀብት የሌለው ሰው ያለው ሀብት ቃል ብቻ ነውና የሚወዳትን መልአክ፣ ትንሽ ወፍ እያለ ይጠራታል። የዚህ ዘፈን ወጣት ለልጅቱ የሰጣት ስጦታ ያች አንዲት ቃል ናት። ዓለም ቃሏን ወደዳት፤ ተቀበላት፤ ለልጆቹም አወጣት። ተማሪዎቻችን ዘፈኑን ሲሰሙ ከቃሏ በስተጀርባ የቆመውን፣ ከቃል በቀር የሚሰጠው ያልነበረውን ሰው አብረው እንዲሰሙት ማድረግ የመምህሩ ፈንታ ነው።